የሊዱ መዝለያና የአጎቷ እጅ

ቶሮንቶ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ፏፏቴው ካላወራ የኛ ሰፈር ሰው ሄዷል ብሎ አያምነውም። እኔ ፏፏቴውን አላየሁም። ረጅሙን ማማም ያየሁት ከሩቅ ነው፤ ያውም ጫፉ ደመና ውስጥ ገብቶ። «ታዲያ ምን ስትሠራ ሰነበትክ?» ለምትሉኝ ሁሉ ለየብቻ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው።

ነገሩ የእህቴ ልጅ ነው። ታናሽ እህቴ ጽጌ ቶሮንቶ ከገባች አሥራ ስምንት ዓመት አልፏታል፤ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። አንድ ልጇ ሊዲያ፣ እኛ ሊዱ የምንላት፣ በስድስት ዓመቷ ነው ከአዲስ አበባ የወጣችው። አሁን አርክቴክቸር ተምራ የመመረቂያ ሥራዋን አምስት ዳኞች ፊት ልታቀርብ ሆነ። ካለፈች ተመረቀች። ካላለፈች ዓመቱን እንደገና።

«ደሬ፣» አለችኝ ጽጌ በስልክ፣ «ከዘመድ አንድ ሰው አጠገቧ ይሁንላት። አንተ ደግሞ የግንባታ ሰው ነህ፣ ሲያወሩ ይገባሃል።»

እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ፎርማን ሆኜ ሠርቻለሁ። በነዚያ ዓመታት አርክቴክት የተናገረው አንድም ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ግን ማን ይሄን ስልክ ላይ ይናገራል?

«ምንድነው የሠራችው?» አልኳት።

«የበረዶ መዝለያ።»

«የምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ወንድሜ! ትልቅ ነው። ሰው እግሩ ላይ ሁለት ጣውላ አስሮ ከላይ ይንሸራተትና ይወረወራል። ሆስፒታል ብትሠራ ምን ነበረበት?»

ቅዳሜ ተሳፈርኩ። ስለ አውሮፕላኑ ብዙ አልልም፤ ወንበሩ ሲለካ ሆዴን ማንም አላማከረውም። ሦስት ጊዜ አበሉኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ ቁርስ መሰለኝ።

እሁድ ጠዋት ወረድኩ። መስኮት ውስጥ የተቀመጠው የኢሚግሬሽን ሰውዬ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «የእህቴ ልጅ የበረዶ መዝለያ ሠርታ» አልኩት በምችላት እንግሊዝኛ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ሆዴ ላይ ትንሽ ቆየ።

«አንተ ልትዘል?»

«ኖ ሰር። እኔ ልቀመጥ።»

ሳቀና ማህተሙን መታልኝ። ሻንጣዬ ግን አልመጣም። ያ ሻንጣ የሚያዞረው ጎማ ላይ አንድ የሕፃን ጋሪና እኔ ብቻ ቀረን። እኛ አገር ዕቃ ሲጠፋ ትጮሃለህ፣ አንድ ሰው ይወጣል፣ እሱም ይጮሃል፣ ቢያንስ ይወጣልሃል። እዚህ አንዲት ትሁት ልጅ ፈገግ ብላ ወረቀት አስሞላችኝ። የምጣላው ሰው አጥቼ ወጣሁ። ሻንጣው የደረሰው አርብ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የማወራውን ሁሉ በሰው ልብስ የሠራሁት መሆኑን ያዙልኝ።

ጽጌ ውጪ ቆማ ጠበቀችኝ። ተቃቅፈን ተላቀስን፣ ከዚያ «ወፍረሃል» አለችኝ፣ ከዚያ እንደገና ተላቀስን። የራሷን ትንሽ መኪና የምትነዳው እንደ አውቶቡሷ ነው፤ ሐዲድ ባየች ቁጥር ቀጥ አድርጋ ታቆማለች፣ ግራ ቀኝ ታያለች። ከኋላችን ያለው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል። መንገድ ዳር ግራጫ ክምር አየሁ። «ብዙ ግንባታ አለ ማለት ነው» አልኳት። «ምን ግንባታ?» «አሸዋው ነዋ።» «በረዶ ነው ደሬ። የቆሸሸ በረዶ።» ወሩ ሚያዝያ ሊገባ ጥቂት ቀን የቀረው ነው፤ እነሱ ፀደይ ይሉታል። እኔ ፀደይ ሲባል ሌላ ነገር ነበር የማውቀው።

ቤታቸው ኢስት ዮርክ ነው፤ ከመሬት በታች ያለ ክፍል። መስኮቱ ጣራው ሥር ስለሆነ ከውጪ የሚታየው የሰው ጫማ ብቻ ነው። እህቴ ጎረቤቶቿን በጫማቸው ነው የምታውቃቸው። «ያቺ ቡናማዋ ነርስ ናት፣ ደግ ናት» ትላለች። ጣራው ላይ የሙቀት ቱቦ ያልፋል፤ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ጠዋት ጠዋት በግንባሬ ሰላም ብየዋለሁ።

ሊዱ ከውስጥ እየሮጠች መጣችና ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታለች።

«ጋሼ! ሙጫ ነኝ፣ እንዳትነካኝ!»

በክርኖቿ አቀፈችኝ። ሕፃን ሆና አውሮፕላን ማረፊያ የተሸኘች ልጅ አሁን ከኔ በአንድ ራስ ትበልጣለች። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሞዴሉ ቆሟል፤ ወር ሙሉ እዚያው ስለሆነ እናትና ልጅ ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው አልጋ ጫፍ ላይ ነው የሚበሉት። እኔም ሦስተኛ ሆንኩ።

ምሳውን ያመጡት ከላይ የሚኖሩት የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ሚስስ ሶፊያ የሚባሉ ሰማንያ የሚጠጉ የግሪክ አሮጊት። የኛም ሁዳዴ፣ የሳቸውም ሁዳዴ፤ ጾማችን አንድ ላይ ገጥሟል። ደስ አለኝ። ክዳኑን ስከፍት ግን ስምንት እግር ያለው የባሕር አውሬ ቀና ብሎ አየኝ። ኦክቶፐስ ነው።

«ጾም ነው! ጾም!» አሉኝ እያማተቡ። «ደም የለውም!»

እህቴ በአማርኛ «በልተህ አመስግን» አለችኝ። ስምንት እግር ያለው የጾም ምግብ አይቼ አላውቅም። ዳቦውን በላሁ፣ መረቁን በላሁ፣ እግሮቹን ደግሞ ሚስስ ሶፊያ ዞር ሲሉ ወደ ጽጌ ሳህን አሸጋገርኩ። ጽጌ ዝም ብላ በላች። አሥራ ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም።

ሰኞ ሚስስ ሶፊያ በቀጭን ጃኬት ስንቀጠቀጥ አዩኝና ወደ ላይ ጠሩኝ። የሞቱት ባለቤታቸው ካፖርትና ቦት ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። አለበሱኝ። ሰውየው ግዙፍ ነበሩ መሰለኝ፤ ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ፣ እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። ሚስስ ሶፊያ ራቅ ብለው አዩኝና እንባቸው መጣ። ከዚያ ሳቁ። እኔም መስታወት አየሁ፤ ያስቃል።

«ባሌ ሲሚንቶ» አሉኝ። «እኔም ሲሚንቶ» አልኳቸው። በዚህ ተግባባን። የሳቸውም እንግሊዝኛ የኔም እንግሊዝኛ ያው እኩል ስለሆነ ከከተማው ሰው ሁሉ በደንብ የገባኝ የሳቸው ንግግር ነው። ወደ ውጪ ወስደው መኪና የሚቆምበትን የቤቱን መግቢያ አሳዩኝ፤ ባለቤታቸው ያፈሰሱት አርማታ ነው። ተንበርክኬ በእጄ ዳሰስኩት። አንድ ስንጥቅ የለውም። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሁሉ በረዶ፣ አንድ ስንጥቅ! ቀና ብዬ አውራ ጣቴን አሳየኋቸው። ጣቴ እጅጌው ውስጥ ስለነበር አልታያቸውም፤ ግን ገባቸው።

ከሰዓት ዳንፎርዝ የሚባለው ጎዳና ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የኛ ሰው ሱቅ፣ የኛ ሰው ምግብ ቤት ተደርድሯል። አንድ ጎረምሳ ካፖርቴን አይቶ ለጓደኛው በአማርኛ «ይሄ ሰውዬ ካፖርት ለብሶ ነው ወይስ ካፖርቱ እሱን ለብሶ?» አለው። «ተራ በተራ ነው» አልኩት። ልጁ ደንግጦ «ይቅርታ አባቴ!» ብሎ ሻይ ካልጋበዝኩ አለ። ጋበዘኝ።

ማክሰኞ ሊዱ «ና፣ ቦታውን ላሳይህ» ብላ ወሰደችኝ። ዶን የሚባል ወንዝ አለ፤ ወንዙ ቀጭን ነው፣ ሸለቆው ግን ከተማውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከላዩ ረጅም ድልድይ ተዘርግቷል፤ መኪናው በጀርባው፣ ባቡሩ በሆዱ ይሄዳል። እኔ ሰባተኛ ፎቅ ድረስ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የወጣሁ ሰው ነኝ ብዬ መሃል ድረስ ገባሁ። ባቡሩ ከሥሬ ሲያልፍ የድልድዩን አጥር አቀፍኩት።

«ያ ጠርዝ ይታይሃል?» አለችኝ ሊዱ እየሳቀች። «የመዝለያዬ ማማ ከዛ ይነሳል። ግን ቀጥ ብሎ አይደለም፤ ወደ ሸለቆው ያዘነብላል፣ እንደሚያዳምጥ ሰው። ከዛ ሳይቆረጥ ራሱ ይታጠፍና መንሸራተቻ ይሆናል። አንድ መስመር ነው። ማማው ሌላ፣ መዝለያው ሌላ አይደለም።»

«አዘንብሎ አይወድቅም?»

«ጋሼ፣ እሱን አንተ ነህ የምትነግረኝ።»

እንደነገረችኝ ጎኑ መስታወት ነው፤ ነፋስ ይከለክላል፤ ሲመሽ ከውስጥ ይበራል። ሸለቆው ውስጥ ባለው ፈጣን መንገድ ወደ ከተማ የሚገባ ሰው ሁሉ በሩቅ ያየዋል፤ ደረስኩ የሚለው እሱን ሲያይ ነው። በበጋ በረዶ ሲጠፋ ውሃ የተረጨ የፕላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፍበትና ይዘለላል። ከመንሸራተቻው ሥር ደግሞ ደረጃ አለው፤ ማንም ሰው፣ ባልቴትም ልጅም፣ ወጥቶ ሐይቁን የሚያይበት። በር የለውም።

«ለምን መዝለያ?» አልኳት። እናቷ «ሆስፒታል ብትሠራ» ያለችውን አስቤ።

አጥሩን ተደግፋ ወደ ከተማው አየች። «ልጅ ሆኜ ሪጀንት ፓርክ የሚባለው ሰፈር ስንኖር ከመስኮታችን ያ ትልቁ ማማ ይታይ ነበር። ሁልጊዜ ውሰጂኝ እላት ነበር። እማዬ ደግሞ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነች። እዚህ ከተማ ውስጥ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ በሩ ላይ ሰው አለው፤ ደግሞ ሁሉም ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቆንጆ ሆኖ የሚወርድ ነገር የለም። ታውቃለህ ጋሼ? ዘላዩ ወደ ሰማይ የሚሄድ ይመስላል እንጂ ከመሬት ብዙ አይርቅም። ቁልቁለቱ የሚቀረጸው እሱ በሚወርድበት ልክ ነው። እሱ ሲወርድ መሬቱም አብሮት ይወርዳል።»

«እስኪ ድገሚው።»

«መሬቱም አብሮት ይወርዳል።»

እዚያ ድልድይ ላይ ቆሜ አርክቴክት የተናገረው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

«የሚያስፈራኝ አንዱ ዳኛ ነው» አለች ስንመለስ። «ሽማግሌው። ድሮ ራሱ ዘላይ ነበር። ባለፈው ሥራዬን አይቶ፣ ለማየት ያምራል፣ ሰው ግን ይዘልበታል? አለኝ። እሱን ካላሳመንኩ አላልፍም። ሲሪየስሊ ጋሼ፣ አላልፍም።»

እሮብ ጽጌ ሥራ ሄደች። ሊዱ ሁለት ሌሊት ስላልተኛች ጠዋት ላይ ወደቀች። አልጋ ከመግባቷ በፊት «ጋሼ፣ ቤቱ ያንተ ነው፤ ጠረጴዛውን ብቻ እንዳትነካ» አለችኝ። «ምን ነክቶኝ!» አልኳት።

ሻዬን ይዤ ሞዴሉ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ያምራል፤ ከነጭ ካርቶንና ከቀጭን ሽቦ ነው የተሠራው፤ ክንዴን ያህል ከፍታ አለው። ሸለቆው አለ፣ ወንዙ አለ፣ ጥፍር የሚያካክሉ ሰዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ከላይ ጀምሬ በዓይኔ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ጫፉ ጋ ስደርስ ሻዬን አስቀመጥኩ። ዘላዩ መሬቱን የሚለቅበት ጫፍ ወደ ታች አቀርቅሯል።

ሥራዬን ላስረዳችሁ። እኛ በረንዳ ስንሞላ፣ አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ጫፉን በድጋፍ እንጨት አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ እናነሳዋለን። ሲደርቅና ድጋፉ ሲነሳ በራሱ ክብደት ትንሽ ወረድ ይልና ልክ ይመጣል። ይሄን የረሳ ፎርማን በረንዳው ዕድሜ ልኩን አንገቱን እንደደፋ ይኖራል። የተንጠለጠለ ነገር ጫፉ ሲወርድ ካየሁ እጄ ይበላኛል፤ ሃያ ስምንት ዓመት የተማርኩት እሱን ነው።

ልጅቷ ደክሟት ሙጫው ለቆባት ነው አልኩ። ብቀሰቅሳት ትደነግጣለች። ብተወው ነገ ያ ሽማግሌ ዘላይ ይስቅባታል፤ ሰው ወደ መሬት የሚተክል መዝለያ! ስለዚህ ማንም ሳያውቅ፣ እሷም ሳታፍር፣ ላቃናው። መነጽሬን አደረግኩ። የክብሪት እንጨት ሰንጥቄ እንደ ሽብልቅ ከሥሩ አስገባሁ። ከሙጫዎቿ ባለ ቀይ ክዳኑን መርጬ ጠብ አደረግኩበት። ትንፋሼን ያዝኩ። ጫፉ ቀና አለ። እንዴት እንዳማረበት! ዳቦ ብታስቀምጥበት ይበር ነበር።

እግዜር ግን ወዲያው ቀጣኝ፤ አውራ ጣቴ ከመነጽሬ ጋር ተጣበቀ። አንድ እጄን ዓይኔ ላይ አድርጌ፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ወታደር፣ ወደ ሚስስ ሶፊያ ወጣሁ። ምንም አልጠየቁኝም። የወይራ ዘይት አሞቁ፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ እያሹ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሉልኝ። ሲላቀቅ አውራ ጣቴን ሳሙት። ምን ስሠራ እንደነበር አልነገርኳቸውም። የምሥራች እንደደበቀ ሰው ፈገግ ብዬ ነው የወረድኩት።

ሊዱ ስትነሳ ቀጥታ ወደ ሥዕሎቿ ሄደች። ማታ እናትና ልጅ ሞዴሉን ጨርቅ አልብሰው ሳጥን ውስጥ አስገቡት። በዚያ ደብዛዛ መብራት ጫፉን ማንም ልብ አላለውም። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሐሙስ በረዶ ጣለ። ጽጌ የጠዋት ተማሪዎቿን አድርሳ ልትመጣ፣ እኛ ቀድመን ወጣን። የምድር ውስጥ ባቡሩ ላይ ሰው ይበዛል፣ ሳጥኑን ይጨፈልቁብናል ብላ ሊዱ ጄራርድ በሚባለው መንገድ በሚያልፈው የጎዳና ባቡር ወሰደችኝ። ሳጥኑን በአራት ጉልበት ላይ አስቀመጥነው፤ ሁለቱ የኔ፣ ሁለቱ የሷ። እጆቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ካፖርቴ እጅጌ ውስጥ አስገባቻቸው፣ ቦታ ሞልቷል።

ሪጀንት ፓርክ ጋ ስንደርስ ክሬኖች ቆመዋል። የድሮውን ቤት አፍርሰው አዲስ እየሠሩ ነው። በጣቷ ባዶ ቦታ አሳየችኝ።

«ያ የኛ ቤት ነበር። ሦስተኛ ፎቅ። አሁን አየር ነው።»

ላጫውታት ብዬ፣ «አይዞሽ፣ ያ ሽማግሌ ዛሬ ጫፉን ሲያይ ራሱ መዝለል ያምረዋል። ለመሆኑ ምን ያህል ወደ ላይ ይወረውራቸዋል?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጫፉ ነዋ።»

«ወደ ላይ አይወረውርም።» ፈገግ አለች። «ሁሉም ሰው እንደዛ ይመስለዋል። ጫፉ ወደ ታች ነው የሚያየው፣ ዐሥር ዲግሪ። ወደ ላይ ቢሆንማ ይገለብጠው ነበር። ዘላዩ በራሱ እግር ነው የሚነሳው። ሽማግሌው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።»

በሞቱት ሰውዬ ካፖርት ውስጥ ላብ አጠመቀኝ።

«ጋሼ? አመመህ?»

«ሊዱ... ትናንት ስትተኚ...»

ነገርኳት። በረንዳውን፣ ድጋፉን፣ የክብሪቱን እንጨት። ሳጥኑን ከፈተች። ጨርቁን ገለጠች። ጫፉ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል።

«ጋሼ፣ ምን አደረግክ?» አለች። አልጮኸችም። ድምፅዋ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ ቀጥኖ ነበር የወጣው። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

«በየትኛው ሙጫ?»

«ባለ ቀይ ክዳኑ።»

«ኦ ማይ ጋድ።» ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።

ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት ቻይናዊት ባልቴት ቦርሳቸውን ከፍተው ሶፍት አወጡና ሰጡ። ለሷ መስሎኝ ነበር፤ ለኔ ነው። ለካ እኔ ነኝ የማለቅሰው።

ትምህርት ቤቷ ስንደርስ ተራዋ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ስለታም ምላጭ አውጥታ መጋጠሚያውን ቆረጠች፤ የክብሪቷ ስንጣሪ ወጣች፣ ጫፉም አብሮ ተነቅሎ መዳፏ ላይ ቀረ። ቦርሳዋ ውስጥ የቀረው ሙጫ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ብቻ ነው። ቀባችው፣ ቦታው መለሰችው፣ ያዘችው።

«ለመድረቅ አንድ ሰዓት ይፈልጋል» አለች። «መጽሐፍ ከሥሩ ባደርግ ሸለቆው ይሸፈናል። ሸለቆው ካልታየ ምን ላሳያቸው ነው?»

«ስጪኝ» አልኳት።

«ምኑን?»

«ጫፉን። ሃያ ስምንት ዓመት፣ እዚህ ድጋፍ አቁሙ፣ እዛ ድጋፍ አቁሙ ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ እኔ ልቁም።»

አየችኝ። ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። እጅጌዬን ሁለቴ ጠቀለለችልኝ፤ ጣቴን ከጫፉ ሥር አስገባች፤ ማዕዘን መለኪያዋን አስጠግታ ዝቅ አደረገችኝ፣ ከፍ አደረገችኝ፣ እንደገና ዝቅ። «በቃ፣ እዛ። የማቀርበው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ጋሼ፣ እባክህ ወደ ላይ እንዳታነሳው።»

አምስቱ ዳኞች አዳራሹ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ተመልካቹ ከኋላቸው ቆመ። ሽማግሌው ቀጭን ናቸው፤ አንድ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ በከዘራ ይሄዳሉ። አንዲት ሴት ዳኛ ወደኔ አይታ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ተሳሳቁ። ሊዱ መለሰችላት። የተባለውን በኋላ ነው የነገረችኝ፤ «ይሄ ሰውዬ የዲዛይኑ አካል ነው?» ብላት ነው። ሊዱ ደግሞ «አጎቴ ነው። ሞዴሉ ዛሬ ጠዋት ተሰበረብኝ» አለች።

ያቺን «ተሰበረብኝ» በእንግሊዝኛም ሆና ገባችኝ። ማን እንደሰበረው አላወራችም። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አይ!» አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ጣቴን ሳላንቀሳቅስ። «እኔ ሰበርኩ። እሷ ጥሩ። እኔ በረንዳ መሰለኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሽማግሌው አልሳቁም። ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ፣ ሞዴሉ አጠገብ መጡ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጫፉን ከጎን አነጣጠሩበት። እኔ የግንበኛ ገመድ ስፈትሽ ልክ እንደዚያ ነው የማደርገው። ፊታቸው ከጣቴ አንድ ስንዝር አይርቅም። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ መቆሚያው። ሊዱ መጀመሪያ ቃል ቃል እየቆረጠች፣ ቀጥሎ እየሞቃት፣ በመጨረሻ በእጆቿ አየር ላይ እየሣለች መለሰች። አንድ ቦታ ላይ መዳፏን ዘርግታ ቀስ ብላ ወደ ታች ስታወርድ፣ ሌላው መዳፏ ከሥር ሲከተል አየሁ። መሬቱን እየነገረቻቸው ነው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመዳፎቿ አላነሱም።

ሃያው ደቂቃ አርባ ሆነ። መጀመሪያ ክርኔ ጠፋ፣ በሌላው እጄ ደገፍኩት፤ ከዚያ ትከሻዬ። ጣቴ የማን እንደሆነ አላውቅም።

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። ሊዱ ተረጎመችልኝ። «ለምን ወደ ላይ አነሳኸው ይላል።»

«እንዳይወድቁ ብዬ» አልኩ።

ሊዱ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ነገረቻቸው። ሰውየው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። ማታ ስጠይቃት ነው ያወቅኩት፤ «እኔም በመጀመሪያው ቀን መዝለያው አናት ላይ ስቆም ጫፉ ወደ ላይ ቢሆን ብዬ ተመኝቼ ነበር» ነው ያሉት።

ዳኞቹ ሊማከሩ ወጡ። ሊዱ ተከትላቸው ኮሪደሩ ላይ ቀረች። እኔ ያው ቆሜያለሁ። በዚህ መሃል ጽጌ የሥራ ሰደሪያዋን እንደለበሰች እየሮጠች ገባች።

«ደሬ! ምን ሆነህ ነው እንደ አስተናጋጅ የቆምከው?»

«ምሰሶ ነኝ።»

«ማን ሰበረው?»

«ተሰበረ።»

አየችኝ። የታናሽ እህት ዓይን ነው፤ ሁሉንም አወቀች። «ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ።

«በየት እጄ?»

ከቦርሳዋ ዳቦና ባቄላ አወጣች፤ ሚስስ ሶፊያ ጠዋት ያሰሩላት ነው። ያ ሁሉ ኮት የለበሰ ሰው ቆሞ እያየ እህቴ እንደ ሕፃን አጎረሰችኝ። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳላላምጠው ዳኞቹ ተመለሱ።

ሊዱ ፊታቸው ቆመች። እኔ ከጀርባዋ ነው የማያት። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ተናገሩ፣ ረጅም ንግግር፤ እኔ አንድም ቃል አልያዝኩም፤ ትከሻዋን ብቻ ነው የማየው። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰብስቦ ነበር። ድንገት ወደቀ። ወደቀች ብዬ አፌ ውስጥ ያለው ባቄላ ድንጋይ ሆነ። ጽጌ ጎኔን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ካፖርቱን አልፎ ተሰማኝ።

«አለፈች» አለች በትንፋሽ። «ደሬ፣ ልጄ አለፈች።»

ሊዱ ዞረች። ፊቷ ሁሉ እንባ ነው።

«ጋሼ፣ አለፍኩ። ልቀቀው።»

«ደርቋል?»

«አላውቅም። ልቀቀው በቃ።»

ልለቅ ፈለግኩ፤ እጄ እምቢ አለ፤ እንደ አርማታ ደርቆ ቀርቷል። ሊዱ መጣች። ጣቴን ከጫፉ ሥር አወጣችው፣ ክንዴን በቀስታ አጠፈችው፣ ወደ ታች አወረደችው። ሁለቱንም እጆቼን እስኪፍታቱ ድረስ በሙጫ በሻከሩ መዳፎቿ መሃል አጥብቃ ይዛቸው ቆየች። ከኋላችን አንድ ቀላል ነገር ወለሉ ላይ ጠብ ሲል ሰማን። ሁለታችንም ዞረን አላየንም።